በየትኛው ቁና ይሰፈር?
የማኅበራዊ ድጋፍ ፕሮግራሞች ውጤት አመዛዘን ሲመረመር

መግቢያ

ከደባርቅ ከተማ ተነሥቶ ወደ ትግራይ አቅጣጫ የሚጓዝ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ይደርሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው መንገድ ከዚህ ላይ ገደሉን እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። መኪናው ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ እንኳ ቀደም ሲል በቀኝ የታየው ቋጥኝ በግራ በኩል ተመልሶ ብቅ ይላል። ሾፌሩ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር ብቻ ቢቆጥር ብዙ ርቋል፤ ከአፋፉ የወረደውን ቁመት ቢለካ ግን ገና ጥቂት ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

የማኅበራዊ ድጋፍ ፕሮግራሞች የሥራ ሪፖርትም አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው የመጀመሪያውን ዓይነት ቁጥር ነው። ይህን ያህል ኩንታል እህል ተከፋፈለ፣ ይህን ያህል ብር ተከፈለ፣ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ፣ ይህን ያህል አባወራ ራሱን ቻለ ይባላል። የተረጂው ቤተሰብ ኑሮ በእርግጥ ተለወጠ ወይ? ለውጡስ በፕሮግራሙ ምክንያት የመጣ ነው ወይስ ዓመቱ የዝናብ ዓመት ስለ ሆነ? ድጋፉ ሲቆም ለውጡ ይቆያል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ግን በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ ሲያገኙ እምብዛም አይታይም።

ጉዳዩ የአጻጻፍ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስታትስቲክስ ባለሙያዎች መተው በተቻለ ነበር። ነገር ግን በሪፖርት ላይ «ራሱን ችሏል» ተብሎ የተጻፈ አባወራ በሚቀጥለው ክረምት ቢራብ፣ ስሙ ከተረጂዎች መዝገብ ስለ ወጣ ረኀቡ አይታይም። የተሳሳተ መመዘኛ የሚያስከትለው ጉዳት የሚወድቀው በዚያ ሰው ጎተራ ላይ ነው። ስለዚህም የማኅበራዊ ድጋፍ ውጤት በምን እንደሚመዘን መመርመር የፕላን አውጪዎችም የመምህራንም ተግባር ይሆናል።

የተመዘገበና የተማረ

መምህራን ይህን ችግር ከሌላው የሥራ ዘርፍ ሰው ይልቅ በቅርብ ያውቁታል። በመስከረም የተመዘገበ ተማሪ ሁሉ በሰኔ ክፍል ውስጥ አይገኝም፤ በሰኔ የተገኘውም ሁሉ አቀላጥፎ አያነብም፤ ወደሚቀጥለው ክፍል የተዛወረውም ሁሉ ለዚያ ክፍል የሚመጥን ዕውቀት ይዞ አይደለም። ምዝገባ፣ ክትትል፣ ዝውውርና ዕውቀት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን ቆጥሮ ሌላውን አገኘሁ ማለት ግን የተለመደ ስሕተት ነው።

ለዚህ ከኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ውስጥ ጉልህ የሆነው ምሳሌ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ተማሪዎችንና መምህራንን በየገጠሩ አሰማርቶ፣ በአማርኛ ብቻ ሳይወሰን በበርካታ የአገሪቱ ቋንቋዎች መጻሕፍት አሳትሞ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት ማግኘቱም የሚታወቅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመንግሥት መግለጫዎች ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1984 63 በመቶ ያህል መድረሱን አሳወቁ። ይሁን እንጂ በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች መካከል ማንበብና መጻፍ የሚችሉት 23 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳየ።

ከዚህ ላይ ፈጥኖ መፍረድ አይገባም። ቆጠራውና ዘመቻው ያነጋገሩት የዕድሜ ክልል አንድ አልነበረም፤ «ማንበብ ይችላል» የሚለውም ቃል በሁለቱ ዘንድ አንድ ዓይነት ትርጉም ነበረው ለማለት አይቻልም። ከዚህም ሌላ ፊደል የቆጠረ ገበሬ የሚያነበው ጽሑፍ ካላገኘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይረሳዋል። ዋናው ቁም ነገር ግን ይኸው ነው፤ ዘመቻው ስኬቱን የለካው ምስክር ወረቀቱ በተሰጠበት ዕለት ነው። ቆጠራው ደግሞ የለካው ከዓመታት በኋላ በሰውየው ዘንድ የቀረውን ነው። የመጀመሪያው የሥራው መለኪያ ነው፤ የውጤቱ መለኪያ ሁለተኛው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት በወቅቱ ታውቆ ቢሆን ኖሮ፣ ለንባብ ክፍሎችና ለተከታታይ ትምህርት የሚውለው ገንዘብ በጊዜው እንዲጨመር ጥሩ ማስረጃ በሆነ ነበር። ውጤትን በትክክል የመለካት ጥቅሙም ይህ ነው፤ ከመውቀስ ይልቅ ለማረም ይረዳል።

ሴፍቲኔትና «ምረቃ»

በጥር 1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ድጋፍ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ለውጥ ያመጣ ነው። ከዚያ በፊት በየዓመቱ የድርቁ መጠን ከታወቀ በኋላ ለዓለም ጥሪ ይቀርብ፣ እህሉም ብዙ ጊዜ ረኀቡ ከጸና በኋላ ይደርስ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ግን ረኀቡ የየዓመት ልማድ የሆነባቸው ወረዳዎች አስቀድመው ተለይተው፣ ለሥራ የደረሰና አቅም ያለው ሰው በማኅበረሰብ ልማት ሥራ ተሰማርቶ፣ አቅም የሌለው አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛና ሕመምተኛ ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ፣ በዓመት ለስድስት ወራት ያህል ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል እንዲያገኝ ተወሰነ። የድጋፉ ስሌት ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር የአምስት ቀን ደሞዝ ሲሆን፣ የአንድ ቀን ደሞዝ 3 ኪሎ እህል ወይም ያንን ሊገዛ የሚችል ገንዘብ ነበር።

የፕሮግራሙ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው ቤተሰቡ በረኀብ ወራት ጥሪቱን ሸጦ እንዳይጨርስ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ጥሪት አፍርቶ ከድጋፉ እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ ይህ መውጣት በሥራ ቋንቋ «ምረቃ» ተባለ። ከሁለቱ ዓላማዎች ለቆጠራ የሚመቸው ሁለተኛው ስለሆነ፣ ምረቃ ከዓላማነት አልፎ የፕሮግራሙ ስኬት ዋና ምልክት ወደ መሆን ደረሰ። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተረጂዎችን ቁጥር ከ7.1 ሚሊዮን ወደ 1.3 ሚሊዮን ዝቅ ለማድረግ አቅዶ ነበር። የዕቅዱ ዘመን ሲያበቃ በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው አራተኛው የፕሮግራሙ ምዕራፍ ግን ከ8 ሚሊዮን በላይ ቋሚ ተረጂዎችን ታሳቢ ያደረገ ሆነ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ደግሞ በኤልኒኞ ሳቢያ በደረሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ተነገረ። የምረቃው ቁጥር ከላይ ተወስኖ ወደ ቀበሌ ሲወርድ፣ የቀበሌው ኮሚቴ ተግባር «ማን ራሱን ችሏል?» የሚለውን ጥያቄ መመርመሩ ቀርቶ ኮታ ለመሙላት «ማንን እናስወጣ?» ወደ ማለት እንዳያዘነብል ያሰጋል።

የምረቃ መለኪያው ራሱም ሊመረመር የሚገባው ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በተወሰነው መሠረት አንድ ቤተሰብ የሚመረቀው ጥሪቱ በብር ተገምቶ የተወሰነ መጠን ሲደርስ ነበር። መጠኑ በአማራ ክልል በነፍስ ወከፍ 4,200 ብር፣ በትግራይ ክልል ደግሞ 5,600 ብር ነበር። ከሊማሊሞ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ዓዲ አርቃይን አልፎ ተከዜን ይሻገራል። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ከክልሎቹ ወሰን ወዲህ በአማራ ክልል በ21,000 ብር ጥሪት ሲመረቅ፣ ከወሰኑ ወዲያ በትግራይ ክልል ያለው አምሳያው 28,000 ብር ሊያፈራ ይጠበቅበት ነበር። የሁለቱ መሬት አንድ ዓይነት ነው፤ ዝናባቸውም አንድ ነው፤ ፍየላቸውም የሚሸጠው በተመሳሳይ ገበያ ነው። አንዱ «የተሳካለት»፣ ሌላው «ያልተሳካለት» የሚባልበት ምክንያት በኑሯቸው ውስጥ አይገኝም። ክልሎች መለኪያን ከየአካባቢያቸው ሁኔታ ጋር ማስማማታቸው በመርሕ ደረጃ ተገቢ ነው። ነገር ግን መለኪያው የተለያየ ከሆነ፣ የየክልሉን የምረቃ ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህኛው ክልል ከዚያኛው በልጧል» ማለት አይቻልም።

ገበያው የሚያስመርቀው ድኻ

ጥሪትን በብር መለካት ሌላም የተሰወረ ጉድለት አለው። የከብት ዋጋ ሲንር አባወራው አንዲት በግ ሳይጨምር ጥሪቱ በወረቀት ላይ ያድጋል። በሌላ በኩል የእህል ዋጋ አብሮ ሲንር የሚከፈለው ደሞዝ የሚገዛው እህል ይቀንሳል። ይህ በሐሳብ ብቻ የተፈጠረ ሥጋት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የቀን ደሞዙ 6 ብር ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ወደ 8 ብር፣ በ2002 ዓ.ም. ወደ 10 ብር ከፍ ብሏል። በ2000 ዓ.ም. ግን የእህል ዋጋ በብዙ ገበያዎች ከእጥፍ በላይ አሻቅቦ ነበር። የደሞዙ ጭማሪ ሲሶ ያህል ብቻ ሆኖ የእህሉ ዋጋ በእጥፍ ሲያድግ፣ ሦስት ኪሎ ይገዛ የነበረው የቀን ደሞዝ ሁለት ኪሎ ብቻ የሚገዛ ይሆናል።

በዚህ ዓይነት ዓመት የሁለት መሥሪያ ቤቶች ሪፖርት ምን እንደሚል ማሰብ ይቻላል። የፋይናንስ ክፍሉ ክፍያው መቶ በመቶ መፈጸሙን ይገልጻል፤ አይዋሽም። የምግብ ዋስትና ክፍሉ የተረጂዎች ጥሪት በብር ማደጉን ይገልጻል፤ እሱም አይዋሽም። ሁለቱ ሪፖርቶች በየወረዳው መዝገብ ቤት በክብር ሲቀመጡ፣ አባወራው ግን ከገበያ የሚመለሰው ባልሞላ ስልቻ ነው። የዋጋ ንረቱ በመዝገብ ያስመረቀውን ሰው በገበያ አስርቦታል ማለት ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሀብት ነው። ስለዚህ ድጋፍ ሲለካ በብር ብዛት ብቻ ሳይሆን በወቅቱ በአካባቢው ገበያ በሚገዛው እህል መጠን፣ ጥሪትም በዋጋው ብቻ ሳይሆን በዓይነትና በቁጥር መለካት ይኖርበታል። ክፍያው የደረሰበት ወርም ከመጠኑ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ በነሐሴ ይጠበቅ የነበረ እህል በኅዳር ቢደርስ፣ ገብሱ ከታጨደ በኋላ የመጣ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

የእርከኑም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። የማኅበረሰብ ልማት ሥራ ውጤት የሚገለጸው በተሠራው የእርከን ርዝመት ነው። የስዊሱ ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስሜን ተራሮች የአፈር መከላትን ሲያጠና የለካው ግን ራሱን አፈሩን ነበር፤ ከየተዳፋቱ ምን ያህል እንደ ታጠበ፣ ምን ያህልስ እንደ ቀረ። ክረምት ሲወጣ የሚፈርስ ሦስት ኪሎ ሜትር እርከን፣ አፈር ይዞ ከሚቆይ አንድ ኪሎ ሜትር እርከን ይበልጣል የሚባለው በሪፖርት ላይ ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ ባይኖርስ?

ውጤትን መለካት ማለት በመጀመሪያና በመጨረሻ ያለውን ሁኔታ ማነጻጸር ብቻ ተደርጎ ሲወሰድ ይታያል። ይህ በቂ አይደለም። መልካም ዝናብ የዘነበበት ዓመት ማንኛውንም ፕሮግራም የተሳካ ያስመስላል፤ ክፉ ዓመትም ማንኛውንም ፕሮግራም የከሸፈ ያስመስላል። ለዚህ በደባርቅና በዳባት የደረሰው ሩቅ ሳይኬድ በቂ ምሳሌ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት እስከዚህ አካባቢ ደርሶ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል፤ ከብትና ሰብል አውድሟል። በ2012 ዓ.ም. የነበረውንና በ2015 ዓ.ም. የተገኘውን ብቻ የሚያነጻጽር ገምጋሚ በጦርነቱ የጠፋውን ጥሪት በድጋፉ ድክመት ሊያሳብብ ይችላል። ምናልባትም ድጋፉ ባይኖር ጥፋቱ የባሰ ይሆን ነበር። ትክክለኛው ጥያቄ «ፕሮግራሙ ባይኖር ኖሮ ይህ ቤተሰብ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ይገኝ ነበር?» የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ተመሳሳይ ሆነው ድጋፉን ያላገኙ፣ ወይም ዘግይተው ያገኙ፣ ወይም ለአጭር ጊዜ ብቻ ያገኙ ቤተሰቦችን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 «ፕሮግሬሳ» የተባለውን የገንዘብ ድጋፍ ስትጀምር ለጥናት ከተመረጡት 506 መንደሮች ውስጥ 320ዎቹ አስቀድመው፣ 186ቱ ደግሞ ዘግይተው እንዲገቡ በዕጣ ተደልድለው ነበር። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ለማዳረስ አቅም ባልነበረበት ሁኔታ፣ ተራ መጠበቁ ራሱ የማነጻጸሪያ ምንጭ ሆነ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት መሄዳቸው መጨመሩ፣ በተለይም በሁለተኛ ደረጃ የልጃገረዶች ቁጥር ማደጉ በዚህ ዘዴ ስለ ተረጋገጠ፣ ፕሮግራሙ የመንግሥት ለውጥ ሲመጣም ሊቀጥል ችሏል።

በኢትዮጵያም ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ከማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ጋር በመሆን ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ያካሄደው ጥናት ተመሳሳይ ተግባር ፈጽሟል። የመጀመሪያው ውጤት የሚያስገርም ነበር፤ በአማካይ ሲታይ የፕሮግራሙ ጥቅም አነስተኛ መሰለ። ጠለቅ ብሎ ሲመረመር ግን ምክንያቱ ብዙዎቹ ተረጂዎች ከታቀደላቸው ያነሰ በማግኘታቸው መሆኑ ታወቀ፤ ከታቀደው ቢያንስ ግማሹን ያገኙት በምግብ ዋስትና በኩል መሻሻል አሳይተዋል። ቆየት ብሎ በተደረገው ጥናት ደግሞ ለአምስት ዓመታት የተደገፉት ለአንድ ዓመት ብቻ ከተደገፉት ጋር ሲነጻጸሩ የረኀብ ጊዜያቸው በ1.29 ወር ያህል ማጠሩ ተረጋገጠ። በሌላ በኩል በሕፃናት የሰውነት ዕድገት ላይ ለውጥ አልታየም፤ የሕፃን ዕድገት ከእህል ብዛት ሌላ በምግብ ዓይነት፣ በውኃ ንጽሕና፣ በበሽታና በእናት ጊዜ ላይም የተመሠረተ ነውና።

እንግዲህ ፕሮግራሙ ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም? ትክክለኛው መልስ አንድ ቃል አይደለም። የረኀብን ወራት በማሳጠር ረገድ ተሳክቷል፤ የሕፃናትን መቀንጨር በመግታት ረገድ ግን አልተሳካም፤ ክፍያው በጊዜና በሙሉ ባልደረሰበት ቦታ ደግሞ ገና አልተፈተነም ማለት ይቻላል። ይህን የመሰለ የተከፋፈለ ፍርድ ለጋዜጣ ርእስ አይመችም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ግን ከምረቃ ቁጥር የበለጠ ይጠቅማል።

ምረቃን ብቸኛ መለኪያ የሚያደርግ አስተሳሰብ በቀጥታ ድጋፍ የሚረዱትን ደግሞ ፈጽሞ ይዘነጋል። ጧሪ የሌላቸው የሰባ ዓመት አዛውንት አይመረቁም፤ እንዲመረቁም አይጠበቅም። ለእሳቸው የፕሮግራሙ ስኬት ክፍያው በወሩ መድረሱ፣ ሩቅ መንገድ ሳያስኬድና ሳያንገላታ መሰጠቱ፣ በደጀ ሰላም እጅ ከመዘርጋት ማዳኑ ነው። ከድጋፉ ባለመውጣታቸው እሳቸውን «ጥገኛ»፣ ፕሮግራሙንም «የከሸፈ» ማለት መመዘኛውን ካለቦታው ማዋል ይሆናል።

ስኬቱ የማን ነው?

መመዘኛ ሲመረጥ ባለቤቱም አብሮ ይመረጣል። ከደባርቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የደረሰው ይህን በግልጽ ያሳያል። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከአደጋዎቹ ዋና ተብለው ከተጠቀሱት አንዱ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ነበር። በደርግ ዘመን በፓርኩ ቆላማ ክፍል የነበሩ መንደሮች ነዋሪዎች በግዳጅ እንዲነሡ ተደርጎ ስለ ነበር፣ የኋለኛው ፕላን የፈቃደኝነትን መርሕ መከተሉ ተገቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በፓርኩ ውስጥ በምትገኘው በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ 418 አባወራዎች ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። በሚቀጥለው ዓመት የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር አወጣው።

በቅርስ ጥበቃ መመዘኛ ይህ እውነተኛ ስኬት ነው፤ ሃያ ዓመት የፈጀ ጥረት ፍሬም ነው። ነገር ግን ያው ፕሮግራም ለ418ቱ ቤተሰቦች የኑሮ ፕሮግራም ጭምር ነበር። በደጋ ገብስ ዘርቶ፣ በግና ፈረስ አርብቶ ይኖር የነበረ ሰው ወደ ከተማ ሲገባ እህሉን በገንዘብ የሚገዛ፣ ከብቱን የሚያሰማራበት የሌለው፣ ያለው ሙያ ከተማው የማይፈልገው ይሆናል። ካሣው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ ኑሮው ግን የየዕለት ነው። ይተካዋል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት የቱሪስት ገቢም በመጀመሪያ በኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ተቋርጧል። ስለሆነም የሠፈራው ስኬት የሚመዘነው ዝርዝሩ በተሻሻለበት በ2009 ዓ.ም. ብቻ ሊሆን አይችልም። ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ የእነዚያ ቤተሰቦች ልጆች በምን ሙያ ላይ እንደሚገኙ፣ ካሣው ወደ ምን ጥሪት እንደ ተለወጠ መጠየቅ የግምገማው አካል ነው። የኮሚቴው ውሳኔ የፓርኩን ጥያቄ መልሷል፤ የቤተሰቦቹ ጥያቄ ግን ሌላ መልስ ይፈልጋል።

ከዚህ ላይ የሚነሣው ሌላው ነጥብ ገምጋሚው ማን ይሁን የሚለው ነው። ፕሮግራሙን የሚያስፈጽመው ክፍል ራሱን ሲገመግም፣ ነጋዴ በራሱ ቁና ሰፍሮ እንደ መሸጥ ነው። ቁናው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ግን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። ተረጂው፣ በተለይም ከድጋፉ የወጣውና ከመጀመሪያውም ያልተመረጠው ሰው፣ በግምገማው ላይ ቃሉ ሊሰማ ይገባል።

የትምህርት ቤቱ መዝገብ

በዚህ ሁሉ የመምህራን ድርሻ ምንድን ነው? የገጠር ወረዳ ጥናት ለማካሄድ የገንዘብ አቅም ሲያጥረው ይታያል። ይሁንና በየቀበሌው ያለ ወጪ የሚገኝ አንድ ታማኝ ሰነድ አለ፤ ይኸውም የተማሪዎች የስም መቆጣጠሪያ መዝገብ ነው። በችግር ጊዜ በመጀመሪያ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ የልጆች ከትምህርት መቅረት ነው። ትልቁ ልጅ ለቀን ሥራ ይሄዳል፤ ትንሹ ከብት ይጠብቃል፤ ሴቷ ልጅ እናቷ በማኅበረሰብ ልማት ሥራ ላይ ስትውል ቤት ትጠብቃለች። የመጨረሻው ጉዳይ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ለቤተሰቡ የቀን ደሞዝ ያስገኘ ሥራ ለልጅቱ የትምህርት ቀን ያስከፈለ እንደሆነ፣ ያ ወጪ በማንኛውም የፕሮግራም ሒሳብ ላይ አይጻፍም፤ በመምህሩ መዝገብ ላይ ግን የቀሪ ምልክት ሆኖ ይገኛል።

መዝገቡ ጠቃሚ የሚሆነው ግን በየወሩና በየጾታው ተለይቶ፣ በሰፈር ተለይቶ፣ ከዓመት ዓመት ሳይቋረጥ ሲያዝ ነው። ለዚህ በአካባቢው ጥሩ አርአያ አለ። ጎንደር በሚገኘው የሕክምና ትምህርት ተቋም፣ በዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባት ወረዳ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በየቤቱ እየተከታተለ የሚመዘግብ የጥናት ጣቢያ ተቋቁሟል። የእንዲህ ያለው መዝገብ ብርታት ሳይቋረጥ መቆየቱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ሰፊ ጥናት የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ነው፤ በየዓመቱ የሚሞላ ቀላል መዝገብ ግን የሕፃንን ዕድገት እንደሚከታተል የክብደት ካርድ አቅጣጫን ያሳያል።

ጥንቃቄም ያሻል። የመቅረት ምልክት በራሱ የረኀብ ማስረጃ አይሆንም፤ የአጨዳ ወቅት፣ በሽታ፣ የአካባቢው ጸጥታ ሁሉ ልጅን ያስቀራል። መዝገቡ ከገበያ ዋጋ፣ ከክፍያው ቀንና ድጋፉን ካላገኙት ሰፈሮች መዝገብ ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው ትርጉም የሚሰጠው። ከዚህም በላይ መዝገቡ ለድጋፍ መምረጫ ወይም ለቅጣት እንዲውል ከተደረገ፣ የቀረው ልጅ ሁሉ «ተገኝቷል» ተብሎ መጻፉ አይቀርም። መለኪያ የሽልማትና የቅጣት መሣሪያ የሆነ ዕለት መለኪያነቱ ይጠፋል፤ የምረቃ ኮታ ያስተማረውም ይህንኑ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል ለፕላን አውጪዎች የሚያስገነዝበው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ለማን ምን ለውጥ እንደሚፈለግ፣ ለውጡም በምን እንደሚታወቅ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ የማለፊያ ነጥብ አይወሰንምና። ሁለተኛ፣ ከፊተኛው ዓመት ጋር ብቻ ሳይሆን ድጋፉን ካላገኘው ወይም ዘግይቶ ካገኘው ተመሳሳይ ቤተሰብ ጋር ይነጻጸር። ሦስተኛ፣ የወጣው ሰው ከወጣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ያውም በመከር ሳይሆን በክረምት፣ ተፈልጎ ይጠየቅ። አራተኛ፣ ሰፋሪውና አስፈጻሚው አንድ ሰው አይሁኑ።

እነዚህን መፈጸም ወጪ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም በስብሰባ ላይ የሚነበበውን ቁጥር ያሳንሳል። ቁጥሩ ያነሰው ግን ኑሮው ስለ ባሰ አይደለም፤ ቀድሞም የነበረው እውነት ስለ ታየ ነው። ከሊማሊሞ አፋፍ የተነሣ ሾፌር ዛሪማ መድረሱን የሚያውቀው በተቆጠረው መጠምዘዣ ብዛት አይደለም፤ የቆላው ሙቀት ሲሰማው፣ የመንደሩም ሰው ሲቀበለው ነው። የማኅበራዊ ድጋፍም መድረሻ ነሐሴ ሲገባ በጎተራው ውስጥ የተረፈው እህል፣ መስከረም ሲጠባም በክፍል ውስጥ የተገኘው ልጅ ነው። ከዚያ መለስ ያለው ቁጥር ሁሉ የመንገዱ ሒሳብ ነው።